ሥራ ያላጣ ብረት

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሎይድ ካሪየር የተባለውን ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ ወደ 26,000 ገደማ አመረቱ። ጀርመኖች በበኩላቸው ኬተንክራድ ያሉትን፣ ከፊቱ ሞተር ሳይክል ከኋላው ታንክ የሚመስለውን ጉድ፣ ከ8,000 ብዙም ሳያሳልፉ ነው የሠሩት። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚገምት ሰው ዛሬ ሎይድ በሦስት እጥፍ በዝቶ ይገኛል ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በእንግሊዝ፣ በቤልጅየምና በኖርማንዲ በሚደረጉት የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ትርዒቶች ላይ ኬተንክራድ ማየት ብርቅ አይደለም። ሎይድ የመጣ ዕለት ግን ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው የራሳቸውን ተሽከርካሪ ትተው ሊያዩት ይሄዳሉ።

ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? መልሱን ጦር ሜዳ ላይ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። እኔ የማገኘው እርሻ ቦታ፣ ጋራዥና ቁራሊዮ ገዢ ዘንድ ነው። ጦርነት ሲያበቃ መንግሥት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብረት በእጁ ይቀራል፤ ማከማቻው፣ ጥበቃው፣ ጥገናው ሁሉ ወጪ ነው። ስለዚህ ይሸጠዋል፣ ያቀልጠዋል ወይም ለተኩስ ልምምድ ዒላማ ያደርገዋል። በፍቅር የሚገዛው ሰብሳቢ ብቅ የሚለው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት ለተሽከርካሪው ሥራ የሰጠው ሰው ከሌለ ሰብሳቢው ሲመጣ የሚያገኘው ነገር አይኖርም።

ነገሩን ከዋናው ቤተሰብ እንጀምር፤ በተለምዶ ብሬን ካሪየር ከሚባለው፣ በትክክለኛ ስሙ ዩኒቨርሳል ካሪየር ከሆነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘሩ የሚመዘዘው ሰር ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1920ዎቹ ከሠሯት ትንሽ ባለሰንሰለት ብረት ለበስ ነው። ቪከርስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ሥራቸውን ጠቅልሎ ገዛው፤ ንድፉም በየአገሩ ተቸበቸበ። ከገዢዎቹ አንዷ ኢጣሊያ ነበረች። በ1929 የካርደን ሎይድን ስድስተኛ ሞዴል ወስዳ እያሻሻለች ሄደችና በ1933 ሲቪ-33 የተባለችውን ባለሁለት ሰው ታንክ አወጣች። እኛ አገር የመጣችው ያች ናት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ከኢጣሊያ ጦር ጋር ሲገናኝ፣ አርበኞቹ የዚህችን ታንክ ድክመት በቶሎ አወቁት። የሚዞር ማማ የላትም፤ መትረየሷ የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ከጎንና ከኋላ ሆኖ የቀረባትን ሰው ልትነካው አትችልም። እነሱም ከጎንና ከኋላ ቀረቧት። የሚገርመው የቀኑ መገጣጠም ነው፤ የንድፉ አባት ጆን ካርደን በአውሮፕላን አደጋ እንግሊዝ ውስጥ የሞተው ከደምበጉናው ውጊያ አምስት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ ነበር።

ኢጣሊያኖቹ ያችን ትንሽ ብረት ታንክ ሊያደርጓት ሲደክሙ፣ እንግሊዞች ግን ታንክነቷን ረስተው እግረኛ ጦር የሚላላክባት የሥራ ተሽከርካሪ አደረጓት። ላይዋ ክፍት ነው፤ የብረቷ ውፍረት ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጥይትና ፍንጣሪ እንጂ መድፍ አትመክትም። ክብደቷ ወደ አራት ቶን ይጠጋል፤ ርዝመቷ አራት ሜትር አይሞላም። ከ1943 ወዲህ እያንዳንዱ የእንግሊዝ እግረኛ ሻለቃ እስከ 33 የሚደርስ ነበረው። መትረየስ ጭና ትሮጣለች፣ ሞርታር ትሸከማለች፣ ቁስለኛ ታወጣለች፣ ጥይትና ውሃ ታመላልሳለች፤ ዋስፕ በተባለው ዓይነቷ ደግሞ እሳት ትረጫለች። በእንግሊዝ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአሜሪካ ተሠርታ ጠቅላላ ቁጥሯ ከ100,000 አልፏል። ከዚህ በላይ በብዛት የተመረተ ብረት ለበስ የለም ይባላል።

መሪዋ ለብቻው መነገር ያለበት ነገር ነው። አብዛኛው ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ የሚዞረው አንዱን ሰንሰለት በፍሬን ይዞ ሌላውን በመልቀቅ ነው፤ ዘዴው ይሠራል፣ ግን ጉልበት ይበላል፣ አስፋልት ይልጣል፣ ፍሬን ይጨርሳል። ዩኒቨርሳል ካሪየር እንደ መኪና መሪ አላት። ሾፌሩ መሪውን ትንሽ ሲያዞር የፊተኞቹ ጎማዎች የታሰሩበት አግዳሚ ቱቦ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ሰንሰለቱም አብሮ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ ተሽከርካሪዋ በዚያ ጉብጠት ቀስ ብላ ትታጠፋለች። መሪውን አጥብቆ ሲያዞር ብቻ ፍሬኑ ይይዝና በቦታዋ ትሽከረከራለች። ነድተዋት የሚያውቁ ሁሉ የሚያነሱት ይህን ነው። በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር እየሮጠች በመንገድ ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ንዳት ንዳት ታሰኛለች። ሰብሳቢ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሰው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የሚነዳው ነገር ይፈልጋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ካሪየር ሥራ አላጣችም። የቤልጅየም፣ የኔዘርላንድስ፣ የአየርላንድ ጦሮች ይዘዋት ቆዩ፤ በ1950ዎቹ አዲስ የተቋቋመው የምዕራብ ጀርመን ጦር ሳይቀር አባቶቹን ስትወጋ የነበረችውን ተሽከርካሪ ለልምምድ ተቀበላት። በወታደርነት መቆየት ብቻውን ዕድሜ ነው፤ በ1946 ያልቀለጠች ካሪየር በ1960 ለገበያ ትወጣለች፤ ያኔ ደግሞ የሚፈልጋት ሰው ቁጥሩ ጨምሯል። ከሁሉም ይልቅ የረዳት ግን ገበሬው ነው። በአውስትራሊያ ገጠር ከጦሩ የተረፉ ካሪየሮች በርካሽ ተሸጡ። ገበሬው የብረቱን ልባስ ከላይ ቆርጦ ጣለና ምላጭ ገጠመላት፤ ቁጥቋጦ መነጠረባት፣ ግንድ ጎተተባት፣ አሮጊት ስትሆን ደግሞ ከጎተራው ጀርባ አቆማት። ደረቅ አየር ያለበት አገር ነውና ዝገቱ አልበረታባትም። የምናለሽ ተራ ሰው በርሜልን ምጣድ፣ ጎማን ጫማ እንደሚያደርገው ሁሉ እሱም ለብረቱ ሁለተኛ ሕይወት ሰጠው፤ ቅርስ እጠብቃለሁ ብሎ አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ሞተሯ ነው። ካሪየር የምትንቀሳቀሰው በፎርድ ቪ8 ነው፤ ፎርድ በሚሊዮን የሚቆጠር አውቶሞቢልና የጭነት መኪና ያንቀሳቀሰበት ሞተር። የአውስትራሊያው ገበሬ ጓርኒሲዮን ሲቃጠልበት ጦር ሠራዊት ዘንድ አልሄደም፤ በአቅራቢያው ካለ መለዋወጫ ቤት ገዛ። ዛሬም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ የድሮ ፎርዶችን እያስተካከሉ የሚነዱ አፍቃሪዎች ስላሉ ለዚያ ሞተር ፒስተንም ቫልቭም አዲስ ይሠራል። ለአንድ የሰማንያ ዓመት ብረት ለበስ የሞተር ክፍል በስልክ አዝዞ ማግኘት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የቀረው ክብደት ነው፤ አራት ቶን በተሳቢ ይጎተታል፣ በቤት ጋራዥ ይገባል። ሸርማን ታንክ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ የጭነት መኪና ነው፤ ካሪየር የገዛ ሰው ግን የሚያስፈልገው ታጋሽ ሚስት ወይም ታጋሽ ባል ብቻ ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ ታዲያ ሁሉም እኩል አይወደድም። ከ1940 በፊት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች፣ እውነተኛው ብሬን ካሪየርና ስካውት ካሪየር፣ እጅግ ብርቅ ናቸው፤ ምክንያቱም በቁጥር ትንሽ ሆነው ሳለ የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ በባሕር ሲሸሽ ብዙዎቹን ፈረንሳይ ላይ ጥሏቸው ሄዷል። ጀርመኖች ሰብስበው ስም አውጥተው በራሳቸው ጦር አሠለፏቸው፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን የሚፈልግ ሰብሳቢ ቅርፊቱን እንኳ ቢያገኝ ይደሰታል። የካናዳ ሥራዎቹ በብዛታቸው ምክንያት የገበያው መደበኛ ዕቃ ናቸው፤ ፎርድ በዊንዘር ከተማ ወደ 29,000 ገደማ አምርቷል። ቀጥሎ የመጣው ዊንዘር ካሪየር የሚባለው 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ ተጨማሪ ጎማ ያለው፣ ፀረ ታንክ መድፍ ለመጎተት የታሰበ ነበር፤ 5,000 ያህል ብቻ ስለተሠራ የሚያውቅ ሰው ያከብረዋል፣ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከተራው አይለየውም።

የአሜሪካው ቲ16 ታሪክ ለብቻው ያስገርማል። ፎርድ በማሳቹሴትስ ሶመርቪል ከ1943 ጀምሮ ወደ 14,000 ሠራው። ከእንግሊዙ ይረዝማል፣ ብርቱ ሞተር አለው፣ በብየዳ የተያያዘ ነው፣ በየጎኑ አራት ጎማ አለው። ወረቀቱ ላይ የተሻለ ነው። ግን ያንን ተጎባጭ ሰንሰለት ትተው መሪውን አንስተው በእጅ ማንሻ እንዲነዳ አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ የስዊዘርላንድ ጦር ገዝቶ ለብዙ ዓመታት ስለተጠቀመበት በጥሩ አያያዝ የቆዩ አሉ፤ ስዊሶች መሣሪያ እንዴት እንደሚያስቀምጡ ይታወቃል። ይህም ሆኖ ከመደበኛው ካሪየር ጋር ጎን ለጎን ሲቆም የብዙው ሰው ዓይን ወደ አጭሯ ይሄዳል። ለምን ቢባል፣ ቲ16 በታዋቂዎቹ ውጊያዎች ፎቶግራፎች ላይ እምብዛም አይታይም። በቱብሩቅ፣ በኖርማንዲ፣ በጣሊያን ሥዕሎች ላይ የምትታየው አጭሯ ናት። ሰብሳቢ ደግሞ ብረት ብቻ አይገዛም፤ በልጅነቱ ያየውን ፎቶግራፍም አብሮ ይገዛል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቲ16 በምሕንድስናው የሚገባውን ያህል አልተወደደም ባይ ነኝ።

ወደ ሎይድ እንመለስ። ቪቪያን ሎይድ ከካርደን ሞት በኋላ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ የሠራው ነው። ሐሳቡ ርካሽነት ነበር፤ የፎርድሰን የጭነት መኪና ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት አክስል ወስዶ ሰንሰለት ባለው የላሜራ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ፀረ ታንክ መድፍ ከነተኳሾቹ ይጎትታል፤ ትልቅ ሞርታር ያጓጉዛል፤ የስልክ ሽቦ ይዘረጋል። ከፊት ሲታይ ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል። ውጊያ ላይ የሠራው ሥራ ከባድ ነበር፤ የእንግሊዝ እግረኛ ያለ ሎይድ ፀረ ታንክ መድፉን ወደ ቦታው አያደርስም ነበር። ሰላም ሲመጣ ግን ማንም አልፈለገውም። ጥቂት ጦሮች ለአጭር ጊዜ ከያዙት በኋላ ወደ ማቅለጫ ገባ። ገበሬው ለምን አልወሰደውም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ካሪየር እያለለት ምን ያደርግለታል? የቀጠነው ላሜራው ደግሞ ሜዳ ላይ የተተወ እንደሆነ በቶሎ ይበሰብሳል፤ የካሪየር የጦር ብረት ግን በዝናብ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቆሞ ቅርጹን አይለቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ 26,000ው ተመናመነ። ዛሬ ሎይድ የሚያድሱ ሰዎች የሌላውን ዓይነት ሰብሳቢዎች አይመስሉም፤ ከአንዱ ፍርስራሽ ሻንሲ፣ ከሌላው ጎማ፣ ከሦስተኛው የፊት ላሜራ እየለቀሙ፣ የቀረውን ከፎቶግራፍ ላይ እየለኩ ነው የሚሠሩት። ዝና ሳይሆን እልህ ነው የያዛቸው።

ስለ አሜሪካኖቹ የበረዶ ተሽከርካሪ፣ ስለ ዊዝል፣ ስናወራ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። ጄፍሪ ፓይክ የተባለ አመለ ልዩ እንግሊዛዊ በ1942 ኖርዌይ በረዶ ላይ የሚወርዱ ጥቂት ወታደሮች ብዙ ጀርመናውያንን እዚያው ጠምደው ሊይዙ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ለዚህም በበረዶ ላይ የሚሮጥ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል አለ። አሜሪካኖች ሐሳቡን ወስደው ለስቱድቤከር ኩባንያ ሰጡት። የኖርዌዩ ዘመቻ ቀረ፤ ተሽከርካሪው ግን ተወለደ። ኤም29 ዊዝል ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሰንሰለቶች ላይ ስለሚቆም መሬቱን የሚጫነው ሰው በእግሩ ከሚጫነው ባነሰ ኃይል ነው። ሰው የሚሰምጥበት ጭቃ ላይ አይሰምጥም። ወደ 15,000 ተሠራ፤ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው ኤም29ሲ የተባለው፣ ከፊትና ከኋላ አየር የተሞሉ የላሜራ ሣጥኖች ተጨምረውለት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነው።

ጦርነት ለዊዝል አጭር ምዕራፍ ነው፤ እውነተኛ ኑሮው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ኤሚል ቪክቶር ግሪንላንድ ላይ ያደረጋቸው ጉዞዎች በዊዝል ነበሩ። ከ1949 እስከ 1952 ወደ አንታርክቲካ የሄደው የኖርዌይ፣ የእንግሊዝና የስዊድን ጉዞም ዊዝል ይዟል፤ በ1951 አንዱ ዊዝል ከበረዶው ጠርዝ ወደ ባሕር ወድቆ ከአራቱ ተሳፋሪዎች ሦስቱ ሰጥመዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ተራሮች ላይ ደግሞ የስልክና የመብራት ሠራተኞች፣ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛዎች፣ አዳኞች ገዙት። ዛሬ ብዙ ዊዝል የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከካሪየር ጋር ሲተያይ ግን አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ሰንሰለቱ በጎማ ቀበቶ ላይ የተሠራ ነው። የካሪየር ሰንሰለት ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ስለሆነ ያልቃል እንጂ አይሞትም፤ የዊዝል ጎማ ግን ሳይነዳም ቆሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሞተሩ የስቱድቤከር ቻምፒዮን አውቶሞቢል ሞተር ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ መኪና መሥራት ቢያቆምም ሞተሩን የሚያውቁ ሰዎች አልጠፉም። ዊዝል ሲገዛ ሻጩ ስለ ሞተሩ ብዙ ካወራ፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ማየት አለበት።

ኬተንክራድን ለመረዳት ሌላ ዓይነት ስሌት ያስፈልጋል፤ እሱ በጥቅሙ ብቻ አልተረፈም። ኤንኤስዩ የተባለው የኔካርስዑልም ፋብሪካ የሠራው መጀመሪያ በአውሮፕላን ለሚጓጓዙ ወታደሮች ነበር። ከፊት እንደ ሞተር ሳይክል እጀታና ጎማ አለው፤ ከኋላ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጎማዎች ያሉት ሰንሰለት፤ መሐሉ ላይ የኦፔል ኦሊምፒያ አውቶሞቢል ሞተር፣ 36 የፈረስ ጉልበት ያለው። እጀታው በጥቂቱ ሲዞር የፊት ጎማው ብቻ ይመራል፤ በብዙ ሲዞር ግን የሰንሰለቱ ፍሬን ይይዛል። በሩሲያ ጭቃ ውስጥ ሥራው ታየ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ቤንዚን ያጠረው የጀርመን አየር ኃይል ጄት አውሮፕላኖቹን በመሮጫው ላይ የሚጎትተው በእሱ ነበር። ከ1945 በኋላም ፋብሪካው ለገበሬና ለደን ሥራ ብሎ የተወሰነ ቁጥር ጨምሮ ሠርቷል፤ ይህም አሁን ሰብሳቢዎችን ያከራክራል። በ1947 ለጥድ ግንድ ጎታችነት የተሠራውን የጀርመን ጦር ግራጫ ቀብቶ ባለታሪክ አድርጎ የሚሸጥ ሻጭ አይጠፋም።

የኬተንክራድ ዋጋ ከአንድ ካሪየር ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ከፊሉ በመልኩ ነው፤ ልጅ ያየው እንደሆነ አባቱን ጎትቶ ይወስደዋል። ከፊሉ በ1998 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም፣ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን»፣ ባደረገለት ማስታወቂያ ነው። ሌላው ደግሞ ብዙም በግልጽ የማይነገር ነው፤ የተሸነፈውና የተወገዘው ወገን መሣሪያ ከአሸናፊው ይልቅ ውድ ነው። ጀርመን የሠራው ሁሉ በቁጥር ያንሳል፣ ጦርነቱም አብዛኛውን አውድሞታል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ፍላጎቱ በብርቅነት ብቻ አይገለጽም፤ ሎይድም ብርቅ ነው፣ ዋጋው ግን እንዲያ አይደለም። የተከለከለ ነገር የሚስበው ሰው መኖሩን መካድ አያስፈልግም። ይህ ፍላጎት ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት የቼኮዝሎቫኪያን ኦቲ-810 መመልከት ይበቃል። ቼኮች ከ1958 ጀምሮ በጀርመኖቹ ግማሽ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ንድፍ ላይ ተመሥርተው፣ ታትራ ሞተር ገጥመው፣ ጣሪያ ጨምረው የሠሩት የራሳቸው ነገር ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ጣሪያቸው ተቆርጦ፣ ግራጫ ተቀብተው የ1943 የጀርመን ተሽከርካሪ ሆነው በፊልምና በትርዒት ይታያሉ። የቼኩን ታሪክ በቼክነቱ የሚያድስ ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የእድሳት ጥያቄ ይነሳል፤ እኔም ወገን አለኝ። አብዛኛው ሰብሳቢ ተሽከርካሪውን ወደ አንድ ቀን መመለስ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ወደ ሰኔ 1944። ቀለሙ፣ የክፍሉ ምልክት፣ አካፋው የሚታሰርበት ማሰሪያ ሁሉ የዚያ ቀን መሆን አለበት። ገበሬው የበየደው ምላጭ ይቆረጣል፤ የቆረጠው ልባስ በአዲስ ብረት ይተካል። ውጤቱ ያማረ ነው። ግን ያች ካሪየር በጦርነት ያሳለፈችው ምናልባት አንድ ዓመት ይሆናል፤ ወይም ከመጋዘን ሳትወጣ ጦርነቱ አልቆባት ይሆናል፤ ማሳ ላይ ግን ሃያ ዓመት ሠርታለች። ምላጩን እንዳለ የሚተዉትን ሙዚየሞች አደንቃለሁ፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው።

የኤም29ሲ ባለቤቶች ሁኔታ ይህን ክርክር ይበልጥ ያወሳስበዋል። በ1950ዎቹ ዊዝል የገዙ የተራራ ሠራተኞች መንሳፈፊያ ሣጥኖቹ በጫካ መንገድ ላይ ግንድ ሲነኩባቸው፣ ቡሎኑን ፈትተው ወይም በጋዝ እሳት ቆርጠው ጣሏቸው፤ በረዶ ላይ መርከብ ምን ይሠራል? ዛሬ ሣጥኖቹ ያልተነኩ ኤም29ሲ ከሌላው በጣም ይወደዳል። የሌላቸው ባለቤቶችም በድሮው የፋብሪካ ሥዕል እየተመሩ ከላሜራ አዲስ ያሠሯቸዋል፤ ላሜራው፣ መታጠፊያው፣ ብየዳው ተደምሮ የሚወጣው ገንዘብ የተራራው ሠራተኛ ተሽከርካሪውን በሙሉ ከገዛበት በብዙ ይበልጣል። አብዛኞቹ ሣጥኖቹን ካስገጠሙ በኋላም ውሃ ውስጥ አያስገቡትም።